ስለ ደራስያን ጓደኝነትና ስለ መጽሐፍ ምስክርነት

መጽሐፍ ወደ አንባቢ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የነጋዴው መንገድ ሲሆን እርሱም ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛው የሰው አፍ ነው፤ ይኸውም አንዱ አንብቦ ደስ ሲለው ለጎረቤቱ፥ ጎረቤቱም ለባልንጀራው እየነገረ የሚሄደው ነው። በአገራችን ለማስታወቂያ የሚተርፍ ገንዘብ ያለው ደራሲ ጥቂት ስለ ሆነ፥ አብዛኛው መጽሐፍ የሚኖረው በሁለተኛው መንገድ ነው። እንግዲህ ስለ መጽሐፍ የሚናገር አፍ ሁሉ፥ ይልቁንም ስለ ባልንጀራው መጽሐፍ የሚናገር የደራሲ አፍ፥ ከባድ አደራ አለበት። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የተነሣሁት ይህንን አደራ ነው። ለምሳሌም የወንጀልና የስለላ ልብ ወለድ ጸሐፊዎችን መርጫለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

የአፍ ወሬ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞችና የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ልብ ወለዶች ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፉ፥ ከደብተር ሥር ተደብቀው ሲነበቡም አይቻለሁ። በ1975 ዓ.ም. የስለላ ታሪክ ያለበት የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ኖረ። በዚያን ጊዜ «ይህንን አንብብ» ብሎ መጽሐፉን ለወዳጁ የሚሰጥ ሰው አደጋ እንጂ ትርፍ አልነበረውም፤ ስለዚህም ቃሉ ታመነ። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በወጣ ጊዜ ደግሞ ወጣቶች በየመንገዱ እያወሩለት መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ። አንዱ ወደደው፥ ሌላው ነቀፈው፤ የወደደውም የነቀፈውም ግን አንብቦ ነው የተናገረው።

ዛሬ ከዚህ የተለየ ልማድ በመካከላችን ገብቷል። አንድ ደራሲ መጽሐፉን ሊያሳትም ሲነሣ አስቀድሞ የሚፈልገው የሚያርምለትን ሰው ሳይሆን ጀርባው ላይ አስተያየት የሚጽፍለትን ሰው ነው። አስተያየት ሰጪውም ሌላ ደራሲ ነው። ረቂቁን ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ገጥቶ፥ «እንቅልፍ የሚነሣ፥ ልብ የሚሰቅል» ብሎ ጽፎ ይሰጠዋል። በምረቃው ዕለት ተገኝቶ ያመሰግነዋል፥ በስልክም ለወዳጆቹ ሁሉ ያሰራጭለታል። በሚቀጥለው ዓመት የራሱ መጽሐፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ደራሲ በተራው ውለታውን ይመልሳል። ሕዝቡ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አለው፤ እከክልኝ ልከክልህ ይለዋል።

አንዳንዶች ይህንን ከገበሬው ወንፈል ጋር ያመሳስሉታል። እኔ ግን አልቀበለውም። በወንፈል ዛሬ የአንተን ማሳ አብረን እናርማለን፥ ነገ የእኔን እናርማለን። ሥራው የእውነት ሥራ ነው፤ ያልታረመ ማሳ ከመንገድ ይታያልና ማንም ሊዋሽበት አይችልም። በምስጋና ወንፈል ግን የሚጠቃቀሙት ሁለቱ ሲሆኑ ዕዳውን የሚከፍለው ሦስተኛው ሰው ነው፤ ይኸውም ከምሳው ቀንሶ መጽሐፉን የገዛው ተማሪ ነው።

ይህን ስል የደራስያንን ጓደኝነት መንቀፌ አይደለም። ደራሲ ብቻውን የሚሠራ ሰው ስለ ሆነ አይዞህ የሚለው ባልንጀራ ያስፈልገዋል፤ ከመመቀኛኘትም መመሰጋገን ይሻላል። በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር የተመሠረተውም ሰው በአንድነት እንዲበረታ ነው። ጥያቄዬ ጓደኝነቱ የት ላይ ይዋል የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከውጭ አገር ጥሩ ምሳሌ አለን። በ1930 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አንድ ክበብ መሠረቱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጂ. ኬ. ቼስተርተን ሲሆን አጋታ ክሪስቲና ዶሮቲ ሴየርስም አባሎች ነበሩ። አብረው ይበሉ፥ አብረው ይጫወቱ ነበር። አዲስ አባል ሲገባ ግን፥ በቀልድ የተቀመመ ቢሆንም፥ መሐላ ይምል ነበር። ከሚምልባቸውም ነገሮች አንዱ ዋና ፍንጭ ከአንባቢ እንዳይደብቅ ነው። ልብ በሉ፤ መሐላው አባሎቹ እርስ በርሳቸው እንዲመሰጋገኑ አያዝዝም፤ ለአንባቢው እንዲታመኑ እንጂ። በ1931 እ.ኤ.አ. ከ12 የሚበልጡ ሆነው አንድ ልብ ወለድ በደቦ ጻፉ። እያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ወስዶ ሲጽፍ፥ ምሥጢሩ እንዴት እንደሚፈታ የራሱን መፍትሔ አብሮ ማስረከብ ነበረበት፤ ስለዚህ ፍንጭ በትኖ ሸክሙን በባልንጀራው ላይ መጣል አይቻልም ነበር። ሴየርስም ከ1933 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. በአንድ የሎንዶን ጋዜጣ ላይ የወንጀል ልብ ወለዶችን ትተች ነበር፤ የሙያ ባልደረቦቿን መጻሕፍት ብትመረምርም ብዕሯን አላደነዘዘችም።

ክፉውም ምሳሌ ከዚያው አገር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ስመ ጥር የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ በሐሰት ስም የራሱን መጽሐፍ እያመሰገነ፥ የሌሎችን እያጣጣለ ሲጽፍ ተገኘ። ነገሩን የገለጠው ሌላ ደራሲ ነው፤ ብዙ ደራስያንም በአንድነት ፈርመው ድርጊቱን ነቀፉ። የገዛ ሙያውን ጉድፍ የማይሸፍን ጓደኝነት እንዲህ ያለው ነው።

አሁን የወንጀል ልብ ወለድን ስለ ምን እንደ መረጥሁ ልናገር። ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ምስክርነት ነው። መርማሪው የሚጠይቀው ማን አየ፥ ከየት አየ፥ ቢዋሽ ምን ይጠቀማል እያለ ነው። ቀድሞ በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበረ፤ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ልጁ ያየው ነገር የለም፤ ሰውም ዓይኑ ያላየውን ልጅ ተከትሎ ይፈርድ ነበር። ሳያነብ የሚያመሰግን ደራሲና እርሱን ተከትሎ የሚገዛ አንባቢ ከዚህ በምን ይለያሉ? በልብ ወለዱ ውስጥ ሐሰተኛ ምስክርን የሚያጋልጥ ደራሲ፥ በባልንጀራው መጽሐፍ ጀርባ ላይ ራሱ ሐሰተኛ ምስክር ሆኖ ሲቆም ማየት ያሳዝናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት የወንጀል ልብ ወለድ ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። አስተያየት እንድጽፍለት ለመነኝ። አነበብሁት፤ ቋንቋው የጠራ፥ ሰዎቹም ሕይወት ያላቸው ነበሩ። ነገር ግን ወንጀሉ በተፈጸመበት ሌሊት ዘበኛው ሆስፒታል ተኝቷል ተብሎ በአምስተኛው ምዕራፍ ተጽፎ ሳለ፥ በመጨረሻው ምዕራፍ ያው ዘበኛ ገዳዩን በበሩ ሲወጣ አይቻለሁ ብሎ ይመሰክራል። ይህንን አሳየሁት። «ጋሼ፥ ስምንት ደራስያን አንብበውታል፤ ሁሉም ወደውታል» አለኝ። «እንግዲያው ከስምንቱ አንዳቸውም አላነበቡትም» አልሁት። ቅር ብሎት ሄደ፤ መጽሐፉንም እንዳለ አሳተመው። ጉለሌ፥ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የምትኖር አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ገዝታ በሁለት ሌሊት ጨረሰችና፥ «ዘበኛው ሆስፒታል አልነበረም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለክፍል ጓደኞቿም ነገረች። ስምንት ደራስያን ያላዩትን ወይም አይተው ዝም ያሉትን አንዲት ልጅ አየችው። ወጣቱ እስከ ዛሬ ሁለተኛ መጽሐፍ አልጻፈም። ችሎታ አንሶት አይደለም፤ በጊዜው እውነቱን የሚነግረው ወዳጅ ስላልነበረው ነው።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከዚህ የተሻለ ያውቃሉ። ሸማው ገና በእጅ ላይ ሳለ፥ ባልንጀራ ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ገበያ ከወጣ በኋላማ ገዢዋ ራሷ ወደ ብርሃን ዘርግታ ታየዋለች።

ስለዚህ፥ ነገ ብዕር የምታነሡ ወጣቶች ሆይ፥ ጓደኝነታችሁን ከማተሚያ ቤቱ በፊት አውሉት። ረቂቁን ሙሉውን አንብቡለት፥ ጉድለቱን ለብቻው ንገሩት፤ ታርሞ ሲወጣ ግን በአደባባይ ሳትሰስቱ መስክሩለት። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ «ገና አላነበብሁትም» ማለት ነውር አይደለም።

አንባቢዎችም መርማሪ ሁኑ። መጽሐፍ ሲመሰገን፥ አመስጋኙ ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ የተወሰነ ነገር ጠቅሷልን? ጉድለቱንስ ተናግሯልን? ባለፈው ዓመት የእርሱን መጽሐፍ ያመሰገነው ማን ነበር? እያላችሁ ጠይቁ። እናንተም ለባልንጀራችሁ ስትነግሩ የወደዳችሁትንም ያልወደዳችሁትንም ለይታችሁ ንገሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ በእውነተኛ አፍ የተነገረለት መጽሐፍ፥ ጀርባው ላይ አንድም ምስጋና ባይጻፍበት፥ ከእጅ ወደ እጅ መሄዱን አያቋርጥም።