በ7.5 ሜትር ውስጥ መዞር

«በ50 እየነዳን በድንገት ፍሬን እንይዛለን የሚሉት እውነት ነው?» ለንደን ውስጥ ለሞተር ሳይክል ፈተና የማዘጋጃቸው ሰዎች ሄልሜት ሳያጠልቁ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። እውነት ነው፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር። እኔ ጋ ከመጡት ግን አብዛኛውን ሰው ሲጥል ያየሁት ፍጥነቱ ሳይሆን ዝግታው ነው። አስፋልት ላይ ሁለት ነጭ መስመሮች ተሰምረዋል፤ በመካከላቸው 7.5 ሜትር አለ። ከአንዱ መስመር ጥግ ተነሥቶ፣ በትከሻ ላይ ወደ ኋላ ተመልክቶ፣ እግር ሳያወርዱና መስመር ሳይነኩ ዞሮ ወደ መጡበት መመለስ ነው። ለሙሉው ፈቃድ የሚፈተን ሰው የሚቀመጥበት ሞተር ደግሞ ከ595 ሲሲ አያንስም፣ ኃይሉም ቢያንስ 50 ኪሎ ዋት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

እንግሊዝ አገር ሞተር ለመንዳት ደረጃው ብዙ ነው። ፕሮቪዥናል የሚባለውን የለማጅ ፈቃድ የያዘ ሰው መጀመሪያ ሲቢቲ የሚሉትን መሠረታዊ ሥልጠና ይወስዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረ ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ቀዩን «ኤል» ለጥፎ እስከ 125 ሲሲ በሆነ ሞተር መንገድ ይወጣል። ወረቀቱ 2 ዓመት ያገለግላል። ሰው ማፈናጠጥም ሞተርዌይ መግባትም የለም። ከዚህ በላይ የፈለገ የጽሑፍ ፈተናውን ያልፋል፣ ቀጥሎ ሞድ ዋን የሚባለውን የግቢ ፈተና፣ በመጨረሻም መንገድ ላይ የሚሰጠውን ሞድ ቱ።

ምግብ በማድረስ ሥራ ላይ ካሉ የአገራችን ልጆች ውስጥ ከሲቢቲ ያላለፉ ብዙ አውቃለሁ። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ያድሳሉ፤ ደግሞ ሲሞላ ደግሞ ያድሳሉ። «ዕድሜ ልክህን ለማጅ ሆነህ ልትኖር ነው ወይ?» ስላቸው ይስቃሉ። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ ለፈተናው ከሚከፈለው ይልቅ ለትልቁ ሞተር ኪራይና ለሥልጠናው የሚወጣው ያሳስባል። ሌላው ግን ንቀት ነው። ሞድ ዋን ለእነርሱ የሰርከስ ትርኢት ነው፤ ባዶ ግቢ ውስጥ ኮን መዞር ለማን ይጠቅማል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ሞተር ሲፈጥን ራሱን ይችላል። ወደ አንድ ጎን ዘንበል ሲል መሪው በራሱ ወደዚያው ትንሽ ይዞርና ሚዛኑን ይመልሳል፤ ነጂው ካልበጠበጠው በቀር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በእግረኛ ፍጥነት ግን ይህ እርዳታ ይጠፋል፤ ሚዛኑ የነጂው ዕዳ ይሆናል። ቀኝ እጅ ነዳጁን አንድ ቦታ ላይ ያዝ አድርጎ ይቆያል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ግራ እጅ ፍሪሲዮኑን መያዝ በሚጀምርበት ነጥብ ዙሪያ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለቃል፣ መልሶ ይሰበስባል። ቀኝ እግር የኋላ ፍሬኑን በስሱ ይረግጣል። የሞተሩ ጉልበት ወደ ፊት ይጎትታል፣ ፍሬኑ ወደ ኋላ ይይዛል፤ በሁለቱ መካከል ሰንሰለቱ ተወጥሮ ይቆያል፣ መንገጫገጩም ይቀራል። ከጀበና ቡና የምትቀዳ ሴት ጀበናውን ምን ያህል እንደምታዘነብል አስባ አይደለም፤ የሚወርደውን ቡና አይታ እጇ ራሱ ያስተካክላል። ግራ እጅ እዚያ መድረስ አለበት፤ እዚያ የሚያደርሰው ደግሞ ልምምድ እንጂ ማብራሪያ አይደለም። የፊት ፍሬን እዚህ ቦታ የለውም። መሪው ተጠምዝዞ ሳለ በዚያ ዝግታ አንድ ጣት የፊት ፍሬኑን ጨበጥ ካደረገ ሞተሩ ወደ ዞረበት ጎን ይወድቃል።

ለእኔ ከባዱ ተማሪ ሞተር ነክቶ የማያውቀው አይደለም። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ለዓመታት የነዳ ሰው ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ ነዋሪ ለሆነ ሰው ከ12 ወር በላይ አያገለግልም፣ በእንግሊዝ ፈቃድም አይለወጥም፤ ስለዚህ ከለማጅነት ይጀምራል፣ ይህም ገና ከመነሻው ያስቆጣዋል። መንገድ በማንበብ ማንም አይደርስበትም። ባጃጅ ያለ ፍሬቻ ሲታጠፍ ቀድሞ ያውቃል፣ ፍየል ከየት ጥግ እንደምትወጣ ይገምታል። ዝግ ሲል ግን ሁለቱም እግሮቹ ከመርገጫው ወርደው አስፋልቱን ይጠርጋሉ። በዕድሜ የሚበልጡኝን አንድ ተማሪዬን «ጋሼ፣ እግርዎን ይሰብስቡ» ስላቸው «ልጄ፣ እግሬን ሰብስቤ በምን ልመካ?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። የሚመኩበት የኋላ ፍሬኑ ነው፤ ቀኝ እግራቸው አየር ላይ እስካለ ድረስ ግን አያገኙትም። መዞሩን ትተን በቀጥታ መስመር ላይ ጎናቸው እየተራመድኩ አስነዳኋቸው፤ ደንቡ እኔን አለመቅደም ብቻ ነው። ፈተናው ላይም በእግረኛ ፍጥነት መንዳት ራሱን የቻለ አንድ ክፍል ነው። ጥቂት እንደተመላለስን እግራቸው ፍሬኑ ላይ ሥራ ስላገኘ መሬት መፈለጉን ተወ።

የትከሻው ነገርም አለ። አገር ቤት በቀኝ እንነዳለን፣ እዚህ በግራ ነው። አገር ቤት ዞሮ ለመመለስ ግራ ትከሻውን ይመለከት የነበረ ሰው እዚህ መንገድ ላይ ቀኙን ማየት አለበት። በፈተናው ግቢ ከኋላ የሚመጣ መኪና የለም፤ ፈታኙ ግን እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚጠብቀው። መዞሩን አሳምሮ ዞሮ ያቺን እይታ የረሳ ሰው ማየት ያናድደኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሞተር የሚሄደው ነጂው ወደሚያይበት ነው። መስመር እነካለሁ ብሎ የፈራ ሰው መስመሩን ያያል፤ መስመሩን ሲያይ ጭንቅላቱ ወደዚያ ነው፣ ትከሻውም ክንዱም እንደዚያው፣ መሪውም ተከትሎ መስመሩ ላይ ያወጣዋል። «መስመሩን አትይ» ብሎ መናገር ደግሞ ዋጋ የለውም፤ አትይ የተባለውን ነገር ዓይን አጥብቆ ይፈልገዋል። እኔ የማደርገው መዞሩ በሚያልቅበት ቦታ ቆሜ ጣቶቼን ማሳየት ነው። «ስንት ነው?» እላለሁ። ሁለት፣ አራት፣ አንድ እያሉ ለመመለስ አገጫቸውን ትከሻቸው ላይ አድርሰው ማየት አለባቸው፤ ጭንቅላታቸው ሲዞር ሞተሩም ይዞራል። አንዳንዱ መዞሩን ጨርሶ ሲወጣ አያምንም፤ መስመሩ የት እንደነበረ ይጠይቀኛል። ሰርከስ ነው ለሚሉት መልሴም ይኸው ነው። በቆሙ መኪኖች መካከል ስታልፍ በር ቢከፈትብህ፣ ዓይንህን በሩ ላይ ከተከልክ በሩን ትገጫለህ፤ ባዶውን ቦታ ካየህ ግን የማለፍ ዕድል አለህ። ለዴሊቨሪ ሠራተኛ ይህ የየቀኑ ነገር ነው።

አምስቱን ኮኖች እየተጠማዘዙ ማለፍና በሁለት ኮን ዙሪያ ስምንት ቁጥር መሥራት ላይ ብዙ አልቆይም፤ መዞሩ የተያዘለት ሰው እነዚህን ያገኛቸዋል። ሰው የሚንቀው የመጀመሪያው ክፍል ይልቅ ይገርመኛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከአንድ ማቆሚያ ወደ ሌላው ወደ ኋላ እየገፉ ማስገባት። ጉልበት ያለው ወጣት በክንዱ ይታገላል። ቀጭን ሴት ተማሪዎቼ ሞተሩን ዳሌያቸው ላይ ዘንበል አድርገው ያለ ላብ ያስገቡታል።

አሁን ወደ 50ዋ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 ሞድ ዋን ሲጀመር ቁጥሩ የመጣው ከአውሮፓ ሕግ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲቀየር 31 ይሆናል፤ የእንግሊዝ ከተሞች የተለመደ ገደብ ደግሞ 30 ማይል ነው። በዚያች በአንድ ማይል ብልጫ ምክንያት ፈተናው በከተማ መንገድ ላይ ሊሰጥ አልቻለም፤ ሰፋፊ ግቢዎች መሥራት ግድ ሆነ፣ ከግቢዎቹ ርቆ የሚኖር ለማጅም ለፈተና ረጅም መንገድ መንዳት መጣበት። ሰው ያጉረመረመው በከንቱ አልነበረም። እኔ ግን ምረጥ ብባል ከፈተናው ሁሉ የማልተወው ይህንን ክፍል ነው።

ድንገተኛ ፍሬን ላይ እጅ ቸኩሎ ሲጨብጥ የፊት ጎማው ገና አልተጫነም፤ ኤቢኤስ የሌለው ሞተር ከሆነ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ መያዝ ነው፤ ያኔ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊት ሹካው ይሰምጣል፣ ጎማው አስፋልቱን ይጨብጣል። ከዚያ በኋላ አጥብቆ መጭመቅ ይቻላል። የኋላው በስሱ፣ ፍሪሲዮኑ ልትቆም ስትል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሁለት ሰከንድ ገደማ ስለሆነ መጀመሪያ በ20፣ ቀጥሎ በ30 አድርገን ነው ወደ ላይ የምንወጣው። ሌላው የፈተናው ክፍል፣ ከእንቅፋት ማምለጡ፣ ግን በእምነት ነው የሚያዘው። በዚያ ፍጥነት ወደ ግራ ለመሄድ ግራውን የመሪ እጀታ ወደ ፊት መግፋት ነው። ማንም አያምነኝም። «ወደ ቀኝ አይዞርም ወይ?» ይላሉ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በመዳፋቸው ገፋ እንዲያደርጉ አዛለሁ፤ ሞተሩ ወደ ግራ ዘንበል ሲል ክርክሩ ያበቃል። ሲያመልጡ ፍሬን አይነካም፤ ሞተሩ ቀጥ ካለ በኋላ ነው ፍሬን የሚያዘው።

ፈታኙ ብዙ አይናገርም። ዝምታውን እንደ ቁጣ የሚወስዱ አሉ፤ አይደለም፣ ሥራው ነው። ትንንሽ ስሕተት እስከ 5 ይፈቀዳል፤ ከባድ ስሕተት ግን አንድም አይፈቀድም። ስለዚህ የኮኑን ዳር ስለነካ ብቻ ወድቄያለሁ ብሎ የተቀረውን መተው ሞኝነት ነው፤ ፈታኙ እስኪናገር ድረስ መንዳት ነው። በፈተናው ጠዋት እኔ ኮን አላስቀምጥም። ከተማሪው ጋር ወደ ግቢው በመንገድ እንነዳለን፣ ሰው በሌለበት ቦታ ግራና ቀኝ ጥቂት ጊዜ ያዞራል፣ ፍሪሲዮኑ የት እንደሚይዝ እጁ ያስታውሳል፤ ይበቃል። ከዚያ በላይ የተለማመደ እጅ መድከም ይጀምራል።

ያለፈ ሰው ወዲያው ሞድ ቱን መያዝ አለበት፤ ረጅም ጊዜ ካቆየው እጁ ይቀዘቅዛል። እዚያ ወደ 40 ደቂቃ መንገድ ላይ ይነዳል፣ 10 ደቂቃ ያህሉን ፈታኙ መንገድ እየመራው ሳይሆን ራሱ ምልክት እያነበበ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ሞተሩ ላይ ሳይወጣ ከ20 ሜትር ርቀት የቆመ መኪና ታርጋ እንዲያነብ ይጠየቃል፤ ካላነበበ ፈተናው እዚያው ያበቃል። መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን አትርሱ።