«አታጨሺም አይደል?»፦ በእርግዝና ክትትል ስለምናቀርበው አንድ ጥያቄ የቀረበ ሂስ

በእርግዝና ክትትል ክፍሎቻችን በየዕለቱ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁሉ እንደ ትምባሆው ጥያቄ በችኮላ የሚታለፍ ያለ አይመስለኝም። የደም ግፊት ይለካል፣ ክብደት ይመዘናል፣ የደምና የሽንት ምርመራ ይታዘዛል፤ ከዚያም ዓይናችን ከካርዱ ሳይነሳ «አታጨሺም አይደል?» እንላለን። እናቲቱ «አላጨስም» ትላለች፤ «አታጨስም» ተብሎ ይጻፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ መተቸት ሲሆን፣ ትችቱ በቅድሚያ የሚመለከተው እኔን ራሴን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ብዙ ደም እየፈሰሳት ወደ ማዋለጃ ክፍል መጣች። የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ተላቅቆ ስለነበር እናቲቱን ማትረፍ ቢቻልም ፅንሱን ማትረፍ አልተቻለም። ካርዷን ስመለከት በሦስት የክትትል ቀናት «አታጨስም» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከሦስቱ አንዱ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር። በማግስቱ ብቻዋን ባገኘኋት ጊዜ በቀን ስድስትና ሰባት ሲጋራ ታጨስ እንደነበር ነገረችኝ። ቀደም ብላ ለምን እንዳልገለጸች ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ አጭር ነበር፤ «ዶክተር፣ ያን ቀን አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ምን ብዬ ልመልስልዎ?»

ለዚያ ፅንስ ሞት ምክንያቱ ሲጋራው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም ማጨስ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው የመላቀቅን፣ ያለጊዜው የመውለድን፣ ዝቅተኛ የልደት ክብደትንና የፅንስ ሞትን አደጋ እንደሚጨምር የተረጋገጠ ነው። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ከሄሞግሎቢን ጋር ተጣብቆ ለፅንሱ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቀንሳል። እናቲቱን ለመርዳት የነበሩን ሦስት ዕድሎች በእኛው አጠያየቅ ባክነዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

የጥያቄያችን የመጀመሪያው ጉድለት አቀራረቡ ነው። «አታጨሺም አይደል?» የሚለው አነጋገር መልሱን በውስጡ ይዞ የሚመጣ በመሆኑ፣ ለተጠያቂዋ የሚቀርላት እኛን ማስደሰት ብቻ ነው። «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ የሚያስመልሰው አጠያየቅም ቢሆን ከዚህ እምብዛም አይሻልም። መለን የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ ነፍሰ ጡሮች በ«አዎ» ወይም «የለም» ከመመለስ ይልቅ ከቀረቡላቸው አማራጮች አንዱን እንዲመርጡ ሲደረግ፣ ማጨሳቸውን የሚገልጹት ቁጥር በ40 በመቶ እንደሚጨምር አሳይተዋል። በምዕራብ ስኮትላንድ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሥራም፣ እንደሚያጨሱ በአንደበታቸው የገለጹት ነፍሰ ጡሮች 24 በመቶ ሲሆኑ፣ በደም ውስጥ በተደረገ የኮቲኒን ምርመራ ግን 30 በመቶ ሆነው መገኘታቸውን ያስረዳል። ሴት ማጨሷ እምብዛም በማያስገርምበት አገር ይህን ያህል የሚደበቅ ከሆነ፣ ሲጋራ የያዘች ሴት «ባለጌ» ተብላ በምትታይበት በእኛ ኅብረተሰብ መካከል ምን ያህል ሊደበቅ እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

ሁለተኛው ጉድለት የምንጠይቅበት ቦታ ነው። ነፍሰ ጡር በአገራችን ብቻዋን አትመጣም፤ እናት፣ አማት፣ እህት ወይም ባል ይከተላታል። ይህ ባህል ለእናቲቱ ትልቅ ድጋፍ መሆኑ ባይካድም፣ ምስጢር ለሚሻ ጥያቄ ግን እንቅፋት ነው። ስለ አባላዘር በሽታ ስንጠይቅ አጃቢን ከክፍል እናስወጣለን፤ ትምባሆን ግን ከምስጢር አንቆጥረውም።

ሦስተኛው ጉድለት ጥያቄው ጠባብ መሆኑ ነው። «ማጨስ» ስንል በአብዛኛው የምናስበው ሲጋራን ብቻ ሲሆን፣ ሺሻና ጋያ፣ እንዲሁም ከጫት ጋር አልፎ አልፎ የሚጨሰው ይዘነጋል። ከሁሉም በላይ የተዘነጋው የሌላ ሰው ጭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በአዋቂዎች ላይ በተካሄደው የትምባሆ ጥናት ተጠቃሚ ሆነው የተገኙት ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ራሷ ከምታጨሰው እናት ይልቅ አጫሽ ባል ያላት እናት ልትበዛ እንደምትችል ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ ከመኖሪያ ቤት ደጃፍ ግን ሕጉ አይዘልቅም። እዚያ ሊደርስ የሚችለው የእኛ ጥያቄ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ያለፈው፣ የአሁኑና ከሌሎች ሰዎች ጭስ የሚመጣው ሁሉ፣ በእርግዝናው መጀመሪያና በየክትትሉ እንዲጠየቅ ማሳሰቡም ያለ ምክንያት አይደለም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «የሚያጨሱት ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ በተጨናነቀ ክፍል ለዚህ ጊዜ ማባከን ለምን?» ይላሉ። አስተያየቱ ሙሉ በሙሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጥቂት መሆናቸው የበለጠ ብቸኛ ያደርጋቸዋል እንጂ ችግራቸውን አያቀለውም። ደግሞም የተሻለው አጠያየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። በሌሎች አገሮች የተለመደውን ባለ አምስት አማራጭ ጥያቄ በእኛ አነጋገር እንደሚከተለው ማቅረብ ይቻላል፦ «ብዙ እናቶችን የምንጠይቀው ነው፤ ከእነዚህ የትኛው ላንቺ ይቀርባል? አጭሼ አላውቅም፤ ከማርገዜ በፊት ትቼዋለሁ፤ ማርገዜን ሳውቅ ተውኩ፤ ቀንሻለሁ እንጂ አልተውኩም፤ እንደ በፊቱ አጨሳለሁ።» ቀጥሎም፣ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» መካከለኛዎቹ አማራጮች ዋጋቸው ትልቅ ነው፤ እናቲቱ ውሸት ሳትናገርና ራሷን ሳታዋርድ እውነቱን የምትገልጽበት በር ይከፍታሉና።

ካወቅን በኋላስ? እዚህም ላይ ልማዳችን መተቸት አለበት። ግማሾቻችን እንቆጣለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ቀንሺ» ብለን እንሸኛለን። ቁጣ እናቲቱን ከሲጋራው ሳይሆን ከክትትሉ ያርቃታል። «ቀንሺ» የሚለውም ምክር የዋህ ነው፤ ቁጥሩን የቀነሰች አጫሽ እያንዳንዱን ሲጋራ በጥልቀት በመሳብ የጎደለውን ኒኮቲን ልትተካ ትችላለች። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከ15ኛው ሳምንት በፊት ጨርሰው የተዉ እናቶች ያለጊዜው በመውለድም ሆነ ለዕድሜው ያነሰ ሕፃን በመውለድ ረገድ ከማያጨሱት ጋር እንደሚተካከሉ አሳይቷል። ዘግይታ ለመጣችውም ቢሆን መተው ይጠቅማታል፤ «አሁንማ ጊዜው አልፏል» ማለት አይገባም።

መድኃኒት ብዙ አያግዘንም። በእንግሊዝ አገር 1,050 ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ሙከራ፣ የኒኮቲን ልጣፍ ከማስመሰያ ልጣፍ ጉልህ ብልጫ እንዳላሳየ አስታውቋል፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ግን ልጣፉን በአግባቡ አልተጠቀሙበትም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ቡፕሮፒዮንንና ቫረኒክሊንን ለነፍሰ ጡሮች አልደገፈም። በአንጻሩ ምክርና ድጋፍ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ እንደሚያመለክተው፣ እንዲህ ያለ ድጋፍ ዝቅተኛ የልደት ክብደትን በ17 በመቶ ይቀንሳል። በግላስጎው 612 ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት የ2015 ጥናትም፣ ከተለመደው ድጋፍ በተጨማሪ እስከ 400 ፓውንድ የሚደርስ የግዢ ኩፖን ከተሰጣቸው ውስጥ 22.5 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 8.6 በመቶ ማቆማቸውን ዘግቧል። እኛ ኩፖን የለንም፤ ትምህርቱ ግን ይደርሰናል፤ እነዚህ እናቶች የጎደላቸው ስለ ጉዳቱ ማወቅ ሳይሆን የሚያግዛቸው ነገር ነበር። በእኛ ሁኔታ እገዛው የማቆሚያ ቀን አብሮ መቁረጥ፣ እናቲቱ ስትፈቅድ ባልን ማነጋገርና በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳይረሱ መጠየቅ ነው። ካቆሙት ብዙዎቹ ከወለዱ በኋላ ስለሚመለሱበትም ጥያቄው እስከ ሕፃኑ ክትባት ቀናት ሊዘልቅ ይገባዋል።

ከዚያች እናት ወዲህ በምሠራበት ክፍል የደም ግፊት በሚለካበት ጊዜ አጃቢ ውጭ እንዲቆይ አድርገናል። አማቶች አንዳንዴ ቅር ይላቸዋል፤ «ሁሉንም እናቶች እንዲህ ነው የምናደርገው» ስንላቸው ግን ይረዱናል። ለዚህ በጀት አላስፈለገንም፤ ያስፈለገን በሩን መዝጋት፣ ብዕሩን ማስቀመጥና ዓይኗን እያዩ መጠየቅ ብቻ ነበር። ባልደረቦቼ ከነገ ጀምሮ እንዲሞክሩት እጠይቃለሁ።