«አሠልጣኙ ይባረር!» ስንል ምን እያልን ነው?

በፒስጋት ዘኤቭ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንን ለመጎብኘት ስንዞር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመን ቡና ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ እግር ኳስ ነው። በተለይም ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቴሌቪዥኑ ካልተዘጋ በስተቀር ስለ ልጅ ትምህርትም ሆነ ስለ ቤት ኪራይ መነጋገር አይቻልም። ባለፈው የዝናብ ወራት በአንዱ ቅዳሜ ማታ፣ ከጎንደር ከመጡ ጥቂት ዓመታት የሆናቸው አንድ አባት ቤት ስንገባ ቤይታር ኢየሩሳሌም እየተመራ ነበር። ወጣቱ ልጃቸው ቢጫና ጥቁሩን ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ከስታዲየሙ ተመልካች ጋር እኩል «ቲትፓቴር! ቲትፓቴር!» እያለ ይጮኻል። አባትየው ቃሉን ስላላወቁት «ምንድን ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁን። «አሠልጣኙን ሥራህን ልቀቅ እያለው ነው» አልናቸው። እሳቸውም «ሰውየው ምን አጠፋ?» አሉ። ልጁ ዞር ሳይል «አባ፣ እየተሸነፍን እኮ ነው!» ሲል መለሰ።

የአባትየው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ከዚያ ቤት ከወጣን በኋላ አብሮን ሰነበተ። እንደሚታወቀው በዚህ አገር ቡድን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፈ የመጀመሪያው ወሬ ስለ ተጫዋቾቹ ሳይሆን ስለ ‹ሜአመን›፣ ማለትም ስለ አሠልጣኙ ነው። ዋንጫ ያመጣ እንኳ ቢሆን አይድንም። ቤይታር በ2022 ዓ.ም. (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በዕዳ ምክንያት ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ወር ማካቢ ነታንያን 3 ለ 0 አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። ያን ዋንጫ ያመጣው አሠልጣኝ ዮሲ አቡክሲስ ነበር። ዛሬ እሱ እዚያ የለም። ሻርፑ ግን ያው ሻርፕ ነው፤ ጩኸቱም ያው ነው።

ይሁንና የእኛ ማኅበረሰብ ስለ አሠልጣኝ መባረር ከልቡ የተከራከረው በቤይታር ጉዳይ አልነበረም፤ በመሳይ ደጉ ጉዳይ ነበር። መሳይ የእኛው ልጅ ነው። በ2023 አጋማሽ ማካቢ ሐይፋን ሲረከብ፣ ክለቡ በባራክ ባኻር አሠልጣኝነት በ2021፣ በ2022 እና በ2023 ሦስት ተከታታይ የሊግ ዋንጫዎችን ወስዶ ነበር። ባኻር ወደ ቤልግሬዱ ቀይ ኮከብ ክለብ ሲሄድ ወንበሩን ለመሳይ ተወለት። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚባለው እንዲህ ላለው ወንበር ነው። ሦስት ዓመት የዘለቀ ድል የተረከበ ሰው ከእንግዲህ ወዴት ይወጣል? አንደኛ ቢሆን «ድሮም አንደኛ ነበርን» ይባላል፤ ሁለተኛ ቢሆን ወድቋል ይባላል።

እሱም ሁለተኛ ሆነ። ይህ ግን ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ሳይታወስ የሚነገር ውጤት አይደለም። ነሐሴ ላይ ሐይፋ በስዊዘርላንዱ ያንግ ቦይስ ተሸንፎ ከሻምፒዮንስ ሊግ በር ተመለሰ። ጥቅምት ላይ ጦርነት ሆነ፤ ሊጉ ቆመ። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ውድድሮችን «በሜዳው» እንዲጫወት የተደረገው ከአገር ውጭ ነበር። እንዲህም ሆኖ በዩሮፓ ሊግ ምድቡ፣ ቪያሪያልና ሬን ባሉበት፣ ሦስተኛ ወጥቶ ወደ ኮንፈረንስ ሊግ ተሻገረ፤ እዚያም የቤልጅጉን ጌንት አሰናበተ። በመጨረሻ የቆመው በጣሊያኑ ፊዮሬንቲና ፊት ነው። ቡዳፔስት ላይ 3 ጎል አግብቶ 4 ገባበት፤ ፍሎረንስ ላይ 1 ለ 1 ወጣ። በአገር ውስጥ ሊጉን ማካቢ ቴል አቪቭ ወሰደ። የውድድሩ ዓመት ሲያበቃ ሐይፋና መሳይ ተለያዩ፤ ባኻርም ተመልሶ መጣ። በተከታዩ ዓመት በ2025ም ቢሆን ዋንጫውን የወሰደው ማካቢ ቴል አቪቭ ነው።

ለመሆኑ በዚያ ዓመት በየሳሎናችን ምን ስንባባል ነበር? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስለ እግር ኳስ ያወራነው ጥቂት ነው። ከፊላችን «የእኛ ልጅ ስለሆነ ነው የሚነክሱት፤ ማንም አይነካብን» እንል ነበር። ከፊላችን ደግሞ በተለይ ወጣቶቹ «አሳፈረን፤ ሁለተኛ ለእኛ ሰው እንዲህ ያለ ቡድን አይሰጥም» እያሉ ቀድመው ያባርሩት ነበር። ሁለቱ ወገኖች ጎራ ለይተው ሲሟገቱ የተለያየ ነገር የሚናገሩ ይመስላቸው ነበር። በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ሰውየውን እንደ አሠልጣኝ አላዩትም። አንዱ እንደ ባንዲራ ያዘው፤ ሌላው እንደ ዕድፍ ቆጠረው። ሦስት ጎል ያገባ ቡድን አራት እንዴት እንደገባበት፣ ተከላካዩ ማን እንደነበረ፣ ተጫዋች የሚገዛውና የሚሸጠው ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው በብዙ ቤት አልገጠመንም። የማካቢ ሐይፋ ባለቤት ያዕቆብ ሻሐር ክለቡን ከ1992 ጀምሮ ይዘውታል፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት አሠልጣኝ መጥቶ ሄዷል። «ባለቤቱ ይውረድ» የሚል ግን በየቤቱ አልሰማንም።

(በዚህ በኩል የሃፖኤል ኢየሩሳሌም ደጋፊዎች ይለያሉ። በባለቤቱ ቢመረሩ በ2007 ገንዘብ አዋጥተው ሃፖኤል ካታሞን የተባለ የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። ክለቡ የራስ ሲሆን ጩኸት ብቻውን አይበቃም፤ የአሠልጣኙ ደመወዝም ከራስ ኪስ ነው የሚወጣው።)

መሳይን መተቸት አይገባም ማለታችን አይደለም። ማካቢ ሐይፋን የሚያህል ክለብ ዋንጫ ይፈልጋል፤ ዋንጫ ያላመጣን ሰው መለወጥም መብቱ ነው። የእኛ ቅሬታ «ይቆይ» ያልነውም «ይሂድ» ያልነውም ምክንያታችን ከሜዳው ውጭ መሆኑ ነው። ኤሊ ዳሳ በቤይታር ማሊያ ቴዲ ላይ ሲሮጥ የነበረ ልጅ ነው። በ2022 የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል እስኪሆን ድረስ በክንፍ በኩል ሲሳሳት «ተሳሳተ» ይባል ነበር፤ ጥሩ ሲያሻማም «ጥሩ አሻማ» ይባል ነበር። ለተጫዋች የሰጠነውን ዓይን ለአሠልጣኝ ለምን ነፈግነው?

ይህ ጠባይ እዚህ አገር የጀመረን አይደለም። ታላላቆቻችን የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻውን ነገር ያስታውሳሉ። ጥቅምት 2012 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 ስታሸንፍ፣ በኦምዱርማን 5 ለ 3 ከተሸነፈችበት ጨዋታ ጋር ተደምሮ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ከ31 ዓመት በኋላ ነበር። ያን ሌሊት አዲስ አበባ አልተኛችም። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ አንድ ደረጃ ብቻ እስኪቀረው ደረሰ። በመካከሉ ቦትስዋና ላይ በቅጣት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ 3 ነጥብ ተቀነሰ፤ ካርድ መቁጠር የፌዴሬሽኑ ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው ወደ አሠልጣኙ ነበር። እንዲያም ሆኖ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በመጨረሻው ደረጃ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን። ጥር 2014 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ውድድር ኢትዮጵያ ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ጎል ሳታገባ ተሸነፈች። በየካቲት ሰውነት ተሰናበተ። በምትኩ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ እሱም በ2015 ሄደ። ኢትዮጵያ እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃችው በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን ሲሆን፣ ውድድሩን የተጫወተችው በጥር 2022 ነው። በመካከሉ ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች ያለ እኛ አለፉ።

እዚህ ላይ ሰውነት ባይባረር ኖሮ እናልፍ ነበር ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ያን ጊዜ «ይባረር» ካሉት መካከል፣ ከተባረረ በኋላ ምን ይሁን የሚለውን ያሰበ ስንቱ ነበር? ከጎንደር የመጡት አባታችን እንኳ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እኔም ብያለሁ፤ ‹ይሂድ› ብያለሁ» አሉ። ስለ ፋሲል ከነማ ግን ምንም ክፉ ነገር አይሰሙም፤ በ2021 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲወስድ የተጫወቱ ሁሉ በእሳቸው ዘንድ ቅዱሳን ናቸው።

አሁን ወደዚያ ቃል እንመለስ፤ ለአዲስ ገቢ ቤተሰብ ከኳሱ ይልቅ ቃሉ ይጠቅማልና። ‹ቲትፓቴር› ማለት በራስህ ፈቃድ ሥራ ልቀቅ ማለት ነው። ‹ፒቱሪም› ግን አሠሪው ሠራተኛውን ሲያሰናብት ነው። በዕብራይስጥ ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ስለሆኑ ጆሮ ያምታታሉ፤ በኪስ ላይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ሕዝብ እየጮኸበት አሠልጣኝ ለምን ወዲያው እንደማይለቅ ለሚገርመው ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ ውል አለው፤ በራሱ ከለቀቀ በውሉ የቀረውን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ እስኪያሰናብቱት ይጠብቃል። በእኛ አባቶችና እናቶች ሥራም እንዲሁ ነው። በአንድ አሠሪ ዘንድ አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ከተሰናበተ፣ በ1963 በወጣው ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ካሳ ይገባዋል። በራሱ ከለቀቀ ግን ሕጉ ለይቶ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች በቀር ካሳው ይቀርበታል። የሥራ አጥ ክፍያውም ያለ በቂ ምክንያት ከለቀቀ 90 ቀን ይዘገያል። ከመሰናበቱም በፊት ‹ሺሙአ› የሚባል፣ ሰውየው ቀርቦ የሚሰማበት ስብሰባ ሊደረግለት ይገባል። «ለቅቄያለሁ ብለህ እዚህ ላይ ፈርም» የተባለ ሰው ሳያነብና ሳያማክር መፈረም የለበትም። ይህን የምንጽፈው ፈርመው የመጡ ሰዎች ስላጋጠሙን ነው።

በዚያ ምሽት ጨዋታው ሲያልቅ አባትየው ከቁም ሳጥኑ ላይ የታጠፈ ወረቀት አውርደው ሰጡን። ከሥራ ቦታ የመጣ ደብዳቤ ነበር። እኛ ከማንበባችን በፊት ልጁ ተቀበለንና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ‹ሺሙአ› ከሚለው ቃል ሲደርስ ቆም አለ። ሰባት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ምክንያት ተብሎ የተጻፈው «ከሥራው ጋር አለመጣጣም» የሚል ሲሆን፣ የቀጠሮው ቀን ሐሙስ ነበር።

«አባ፣ ምን አጠፋህ?» አለው ልጁ።

«እኔ ምን አውቄ፤ አንተ አንብበህ ንገረኝ እንጂ» አሉት።

ሻርፑን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና፣ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ ብሎ በአማርኛ ይነግራቸው ጀመር። የማያውቀውን ቃል እኛን እየጠየቀ እስከ መጨረሻው ደረሰ። ከዚያም ሐሙስ ዕለት ምን ብለው እንደሚመልሱ አብረን ጻፍን።