የጓሮ ጎመን

በደጋና በወይና ደጋ ገጠር ከቤቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ጓሮ ከሰፊው ማሳ ቀድማ ታበላለች። አመዱ፣ ጥራጊውና ፍጉ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ስለሚደፋ አፈሯ ጥቁርና ለም ነው። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት፣ የማሳው ጤፍ ገና ቡቃያ ሳለ፣ ቤተሰቡን የሚይዘው የጓሮ ጎመን ነው፤ የበቆሎው እሸትና አጥር ላይ የወጣው ዱባ ከዚያ ይከተላሉ።

እኔ ከሁሉም የማደንቀው የሐበሻ ጎመንን ነው። ከሥሩ አይነቀልም፤ የታችኛው ቅጠል እየተቀነጠሰ ከላይ ማቆጥቆጡን ይቀጥላል። ለዘር የተተወው ቢጫ አበባ አውጥቶ ንብ ይጠራል። ዘሩ ሲደርቅ ለመጪው ክረምት ከሚቀመጠው የተረፈው ይወቀጥና የእንጀራ ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ወጡንም እንጀራውንም እንዲህ የሚያግዝ ሌላ አትክልት አላውቅም።

የትኛው ግንድ ለዘር እንደሚተው፣ ጤና አዳሙና በሶብላው የት ቢተከሉ እንደሚስማማቸው ጠንቅቃ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት። ስለ ዘር መረጣ የሚያጠና ሰው አስቀድሞ እሷን ቢጠይቅ ብዙ ያተርፋል። ችግኝ ያጠራት ጎረቤትማ ዝናቡ ሲጀምር የማንን አጥር እንደምታንኳኳ ታውቃለች።