ሽቦው ግድግዳ ውስጥ፣ ወረቀቱ እጅ ላይ

እንግሊዝ አገር ቤቱን የሚሸጥ ሰው ስለ ንብረቱ የሚጠይቅ ቲ ኤ 6 የሚባል ቅጽ ይሞላል። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ወዲህ በቤቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ተሠርቷል ወይ፣ ከተሠራስ ሰርተፍኬቱ የታለ የሚል ነው። ለንደን ያሉ ወገኖቼ ብዙ ጊዜ የሚደውሉልኝ እዚህ ሲደርሱ ነው። ገዢ ተገኝቷል፣ ዋጋ ተቆርጧል፣ የገዢው ጠበቃ ወረቀት አምጡ ብሏል። ኩሽናውን ያደሰው ሰው ግን ስልኩን አያነሳም።

«ወንድሜ፣ እስኪ መጥተህ እየውና አንድ ወረቀት ጻፍልኝ» ይሉኛል። እምቢ ስል የሚያዝኑብኝ አሉ፤ ለምን እንደማልጽፍ ማስረዳት አለብኝ።

የኤሌክትሪክ ተከላ ሰርተፍኬት ላይ የሚፈረመው ለሦስት ነገር ነው፤ ለንድፉ፣ ለተከላውና ለፍተሻው። ፈራሚው ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የነበረውን አይቻለሁ እያለ ነው። ሽቦው ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወጥቷል ወይስ ሰያፍ ሄዷል? ሰያፍ ከሄደ ነገ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር የሚመታ ሰው ያገኘዋል። መጋጠሚያው ሳጥን ውስጥ ነው ወይስ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተቀብሯል? ይህን ያየው ያን ቀን እዚያ የነበረው ብቻ ነው። ባላየሁት ላይ ብፈርም የሐሰት ምስክር ነኝ።

«ሁሉም ነገር ይሠራል እኮ» የሚለው መልስ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ሥራው ሲያልቅ ማብሪያው ተጭኖ አምፖሉ ከበራ ሂሳብ ይከፈላል፤ እኔም ሙያውን የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ግን አምፖል መብራቱ የሚያረጋግጠው ፌዝና ኒውትራሉ መድረሳቸውን ብቻ ነው። ግራውንዱ ቢቆረጥም ያው ይበራል። መቆረጡ የሚታወቀው የብረት መያዣው አንድ ቀን ፌዝ ሲነካ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሰው እጅ እላዩ ላይ ሊሆን ይችላል።

የእንግሊዝ ቤቶች ሶኬት አሠራር ደግሞ የራሱ ስውር አደጋ አለው። ሶኬቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመገቡት በቀለበት ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ከ32 አምፔር ብሬከር ተነስቶ ሶኬቶቹን ሁሉ ይዞርና ተመልሶ እዚያው ብሬከር ላይ ይታሰራል። ጭነቱ በሁለት አቅጣጫ ስለሚካፈል ለብቻው 32 አምፔር የማይችለው ሽቦ በቀለበቱ ይችላል። አሁን ኩሽና የሚያድስ ሰው አንዱን ሶኬት ሲያዛውር የቀለበቱን አንድ ወገን ሳያስር ተወው እንበል። ውኃው ይፈላል፣ ልብስ ማጠቢያው ይዞራል፣ ባለቤቱ አንዳች ነገር አይጠረጥርም። ጭነቱ ግን በሙሉ በአንድ ወገን ይሄዳል። ጭነቱ ከ32 አምፔር በታች እስከሆነ ድረስ ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ይሞቃል፣ ሽፋኑ ከዓመት ዓመት ይደርቃል። የብሬከር ቦርዱ ላይ ሁለቱን ጫፎች ፈትቶ በኦም የሚለካ ባለሙያ ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ያገኘዋል። ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚያያዘው በቁጥር የተሞላ ሰንጠረዥ የዚህ ልኬት ውጤት ነው። ጠበቆች ፊርማውን ይፈልጋሉ፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ቁጥሮቹን ነው።

የቤት ኤሌክትሪክ ሥራን የሚመለከተው የሕንፃ ደንብ ክፍል ፓርት ፒ ይባላል፤ በእንግሊዝና በዌልስ የጸናው በ2005 ነው። በ2013 እንግሊዝ ውስጥ ጠበብ ተደርጎ፣ ለአካባቢው ምክር ቤት ማሳወቅ ግዴታ የሆነው በዋናነት ለአዲስ መስመር፣ ለቦርድ ቅየራና በመታጠቢያ ቤት ገንዳና ሻወር አካባቢ ለሚሠራ ሥራ ሆነ። ዌልስ ሰፊውን ዝርዝር ይዛ ቀጥላለች። የተመዘገበ ባለሙያ ሥራውን ራሱ ያሳውቃል፤ ባለቤቱም ከተከላ ሰርተፍኬቱ ሌላ፣ ሥራው የሕንፃ ደንቡን ማሟላቱን የሚገልጽ ሁለተኛ ወረቀት ይደርሰዋል። ሁለቱ አይተካኩም። የጠፋባችሁ ሁለተኛው ከሆነ አትደንግጡ፤ ባለሙያው ከተመዘገበበት ድርጅት ቅጂ ማውጣት ይቻላል።

«ከ2005 በፊት ነው የተሠራው» ብለው መጻፍ የሚፈልጉም ያጋጥሙኛል። ሽቦው ይመሰክርባቸዋል። በእንግሊዝ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ሽቦ ድሮ ቀይና ጥቁር ነበር። ቡኒና ሰማያዊው የተፈቀደው በ2004፣ ግዴታ የሆነው በ2006 ነው። ሶኬት ፈትቶ የሚያይ ባለሙያ ዘመኑን በግምት ያውቀዋል፤ ቅጹ ላይ የሰፈረ ሐሰት ደግሞ ከሽያጩ በኋላ ሊያስከስስ ይችላል።

ወረቀቱ ጭራሽ ከሌለ ጠበቆች ቶሎ የሚያቀርቡት መፍትሔ ኢንሹራንስ ነው። ምክር ቤቱ አንድ ቀን ቢጠይቅ ኢንሹራንሱ የገዢውን ወጪ ይሸፍናል፤ ሽቦውን ግን አይጠግንም። ምክር ቤቱን አስቀድሞ ያነጋገረ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢንሹራንሱን አያገኝም፤ ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ። እኔ የምመክረው የሁኔታ ፍተሻ ሪፖርት እንድታሠሩ ነው። ሪፖርቱ ያለፈውን ሥራ ሕጋዊ አያደርግም፤ ዛሬ ያለውን ይናገራል። ሲ 1 አሁን ያለ አደጋ፣ ሲ 2 ሊደርስ የሚችል አደጋ፣ ሲ 3 ቢሻሻል የሚመከር ማለት ነው። ሲ 3 ብቻ ያለበት ቤት አጥጋቢ ተብሎ ያልፋል፤ በእሱ የተነሳ ዋጋ ለሚያስቀንሳችሁ ገዢ አትሸነፉ። ሲ 1 ከተገኘ ግን የሽያጩን ነገር ተዉትና መጀመሪያ ልጆቻችሁ የሚተኙበትን ቤት አስጠግኑ።

የሙያ ጓደኞቼ፣ ሳትለኩ ሰንጠረዥ አትሙሉ። በየመስመሩ አንድ ዓይነት ቁጥር የተደረደረበት ወረቀት ሳይ ያልተለካ መሆኑ ይገባኛል፤ ያን ወረቀት አምኖ የሚተኛ ቤተሰብ አለ። ቤት የምታሳድሱ ወገኖች ደግሞ፣ ሥራ ሳይጀመር ባለሙያው የተመዘገበ መሆኑን አጣሩ፤ የተከላ ሰርተፍኬቱም እጃችሁ ሳይገባ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ።