«አላየሁም» ያለው ጋዜጠኛና የዘረት ዋሻ

ስለ አንድ እልቂት ዜና ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «የሞቱት የማን ወገን ናቸው?» ብለን እንጀምራለን። መቅደም የሚገባው ጥያቄ ግን «ይህን የሚነግረን ሰው እንዴት አወቀ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ምን እንደሚደርስ ከራሳችን አገር፣ ከመንዝና ከመርሐቤቴ ደጋ እንመልከት።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የራስ አበበ አረጋይን አርበኞች ያሳድድ የነበረው የፋሺስት ጦር፣ ዘረት በተባለው ስፍራ ወደሚገኘው አመፀኛ ዋሻ ደረሰ። በዋሻው ውስጥ ከታጣቂዎቹ ጋር ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና ቁስለኞች ተጠልለው ነበር። ጦሩ ዋሻውን በመድፍና በመትረየስ ማስለቀቅ ሲያቅተው የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ፤ ከዋሻው ወጥተው እጅ ከሰጡት መካከል ወንዶቹን ረሸናቸው። የሟቾቹ ቁጥር በመቶዎች ይቆጠራል፤ ከሺህ በላይ ነው የሚሉም ተመራማሪዎች አሉ። ልብ በሉ! ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነት ቀደም ብላ ፈርማለች፤ አጽድቃለችም።

ታዲያ የጊዜው የጣሊያን ጋዜጦች ምን ጻፉ? ስለ ጋዙ ምንም። ምን እንደሚጻፍና ምን እንደሚታለፍ መመሪያ የሚመጣላቸው ከመንግሥት ነበር። እንዲያውም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዙ ሊያሰሙ ሲነሡ፣ በአዳራሹ ውስጥ በፉጨትና በጩኸት ያወኩት ጣሊያናውያን ጋዜጠኞች ነበሩ። ዜና ሊሰበስብ የተላከ ሰው የምስክሩን ድምፅ ለማፈን ሲያፏጭ ከዚህ የባሰ የሙያ ክህደት ይኖር ይሆን? በአንጻሩ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር በአገራችን ተገኝቶ ስለ ጋዙ ጽፏል። ስለዚህ «በዚያ ዘመን ማወቅ አይቻልም ነበር» የሚለው ሰበብ ውሃ አያነሣም።

ከሁሉ ይበልጥ ሊያስተምረን የሚገባው ግን የኢንድሮ ሞንታኔሊ ነገር ነው። ይህ ሰው በጣሊያን እጅግ የተከበረ ጋዜጠኛ ነበር። በወጣትነቱ በኢትዮጵያ ወረራ ዘምቷል። ከጦርነቱ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት «እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ጋዝ አላየሁም» እያለ ተከራከረ። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ከመዛግብት ያወጣውን ማስረጃ እየጠቀሰ ቢሞግተውም አንባቢው ያመነው ዝነኛውን ብዕር ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ አመኑ። ሞንታኔሊም ስሕተቱን ተቀብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ መጠየቁ ያስመሰግነዋል። ግን ስድሳ ዓመት አልፏል! በዚህ መካከል ስንቱ ምስክር ሳይጠየቅ ተቀበረ? አንድ ሰው ያላየው ነገር ሁሉ አልተፈጸመም ማለት ነውን?

የመንዝ ሰው ግን ዋሻውን ያውቀው ነበር። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ የጦሩን ሰነድ ይዞ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲመጣ መንገዱን ያሳዩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። አጥንቱም የሸክላ ስባሪውም በቦታው ነበር። ጠፍቶ የኖረው ጠያቂው ነው። እዚህ ላይ ወቀሳው የጣሊያኖቹ ብቻ አይሆንም፤ አዛውንቶቻችን በሕይወት ሳሉ ደብተር ይዞ ወደ ዋሻው ያልወጣው የእኛ ጋዜጠኛም ይመለከተዋል።

ሙስሊሙ አንባቢ ይህ ታሪክ የሌላ ሰው እንዳይመስለው። ፋሺስት ጣሊያን በባሪ ሬዲዮ በዐረብኛ ራሱን የእስልምና ወዳጅ አድርጎ ይሰብክ ነበር። በአገራችን የአርበኞችን ወገን ያስጨረሰው ግራዚያኒ ግን ቀደም ሲል በሊቢያ ሙስሊሞችን በበረሃ ካምፕ አጉሮ የፈጀ፣ ዑመር አል ሙኽታርም በ1931 እ.ኤ.አ. ሲሰቀሉ በዚያ አዛዥ የነበረ ሰው ነው።

«ዘር ማጥፋት» የሚለውም ቃል ራሱን የቻለ አደራ አለው። ቃሉ በ1944 እ.ኤ.አ. ተፈጠረ፤ በ1948 ዓለም አቀፍ ስምምነት ወጣለት፤ ስምምነቱንም በ1949 ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። በቃሉ ውስጥ ሆን ብሎ አንድን ወገን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩ መመርመር አለበት። እንደ ስድብ በየቀኑ የሚወረውረው ጋዜጠኛ ቃሉን ያረክሰዋል፤ ማስረጃው ተሟልቶ ሳለ ባለሥልጣን ፈርቶ የሚሸሸው ደግሞ ገዳዩን ይሸፍናል። ቁጥር የሚያጋንንም ቢሆን ሟቾችን አልጠቀመም፤ ነገ ለሚክደው ሰው መሣሪያ አቀበለ እንጂ።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን በወደድን። ከመንዝ ደጋ ቁልቁል በሚታየው ቆላ፣ በ2013 ዓ.ም. በመጋቢት በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች ከ300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የእንባ ጠባቂ ተቋም አስታወቀ፤ በሚያዝያም አጣዬ ነደደች። በዚያ ሰሞን የተባለውን ታስታውሳላችሁ። አንዱ ወገን የራሱን ሟች ብቻ ቆጠረ፤ ሌላውም እንዲሁ። የየራሱን ሬሳ ይዞ ጎረቤቱን «ገዳይ» ያለ ብዙ ነበር፤ ሁለቱንም ደጃፍ ያንኳኳ ዘጋቢ ግን ጥቂት ነው። ሱረቱል ሑጁራት የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ያዘዘን፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። ትእዛዙ ለጸሐፊውም ለአንባቢውም ነው።

ስለዚህ ውድ ቤተሰቦች፣ የእልቂት ዜና ወደ ቤታችሁ ሲገባ ጠይቁ፦ ቦታው የት ነው? ቀኑ መቼ ነው? ማን አየ? ቁጥሩን ማን ቆጠረ? የሌላው ወገን ሟች የት ተጻፈ? ለልጆቻችሁም ይህን አስተምሯቸው። በቤታችሁ ያየ፣ የሰማ አዛውንት ካለ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉ። የዘረት አጥንቶች የሚጠይቃቸው ሰው እስኪመጣ ስድሳ ሰባት ዓመት ጠብቀዋል፤ አዛውንቶቻችን ግን ያን ያህል አይጠብቁም።