«ተለማማጅ ሐኪም»፤ በሆስፒታል ሐኪሞች የሥልጠና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የአንድ ስያሜ ብቃት የሚመዘነው ከውጭው ቃል ጋር ባለው ተመሳሳይነት ብቻ አይደለም፤ የሚጠራውን ነገር ከጎረቤቱ ለይቶ በማሳየቱም ጭምር ነው። በዚህ ሚዛን ሲታዩ፣ በሆስፒታል ለሚሠለጥኑ ሐኪሞች የምንሰጣቸው የአማርኛ ስያሜዎች ብርቱ ጉድለት አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ትምህርቱን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በመሆኑም ኢንተርን፣ ሬዚደንት፣ ሲኒየር፣ ራውንድ የሚሉት ቃላት በጥቁር አንበሳም ሆነ በጎንደር ከአማርኛው ዐረፍተ ነገር ጋር ተዋሕደው ይነገራሉ። ሐኪሞቹ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። ችግሩ የሚጀምረው ተርጓሚው ነገሩን ለታካሚ ሊያስረዳ ሲነሣ ነው።

«ተለማማጅ ሐኪም» የሚለው ስያሜ አንዳንዴ ለኢንተርን፣ አንዳንዴም ለሬዚደንት ሲውል ይታያል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ኢንተርን የሕክምና ትምህርቱን የመጨረሻ ዓመት በክትትል ሥር እየሠራ የሚፈጽም ነው። ሬዚደንት ደግሞ ተመርቆ ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በሌላ ዘርፍ ለሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ የሚሠለጥን፣ ኢንተርኑንም የሚያሠራ ነው። አንድ የአብነት ሰፈር ነዋሪ እናቱን ለቀዶ ሕክምና አስተኝቶ ሳለ «ተለማማጅ ሐኪም ይሳተፋል» የሚል የስምምነት ቃል ተነበበለት እንበል። በመርካቶ ሱቅና ጋራዥ ተለማማጅ ማለት ገና እጁን ያልፈታ ልጅ ነው። ሰውየው ወይ በከንቱ ይፈራል፣ ወይ ሳይገባው ይፈርማል።

ቃል በቃል መተርጎምም መፍትሔ አይሆንም። ሬዚደንት የተባለው ሐኪሙ በሆስፒታሉ ግቢ ስለሚኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1889 የተከፈተው የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለዚህ ልማድ መስፋፋት ዋና ምሳሌ ነው። «ነዋሪ ሐኪም» ብንል መልኩን ይዘን ትርጉሙን እንጥላለን፤ ሰሚውም «የየት ሰፈር ነዋሪ?» ቢል አይፈረድበትም።

ከስሕተቱ ምንጮች አንዱ የአሠራራችን ቅደም ተከተል ይመስለናል። በ1989 ዓ.ም. እንደታተመው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» ያሉ ሥራዎች ከእንግሊዝኛ ተነሥተው ወደ አማርኛ የሚሄዱ ናቸው። ይህ አካሄድ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ጎረቤታሞቹን ፅንሰ ሐሳቦች የባዕድ ፊደል ተራ ይለያያቸዋል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን አይመዘኑም። መሰየም የሚገባው አንዱ ቃል ብቻውን ሳይሆን መሰላሉ በሙሉ ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰፈሩ የሚጠራበት «አብነት» የሚለው ቃል ራሱ ምሳሌነትንም፣ ከመምህር እግር ሥር የሚቀሰም ትምህርትንም፣ የባህል መድኃኒት ቅመማንም ያመለክታል። በአብነት ትምህርት ቤት፣ በተለይም በቅኔ ቤት፣ ተቀኚ፣ ዘራፊ፣ አስነጋሪ፣ መምህር እየተባለ ደረጃው በስሙ ይታወቃል። አስነጋሪ ከመምህሩ በታች ሆኖ እየተማረ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ ተለማማጅ ብሎ የሚደፍረው ግን የለም።

ስለዚህ «ተለማማጅ ሐኪም» ለኢንተርን ብቻ እንዲወሰን፣ ሬዚደንት ደግሞ ለታካሚ በሚቀርብ ጽሑፍ «የስፔሻሊቲ ሠልጣኝ ሐኪም» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ረዘመ ይባል ይሆናል፤ ግን «ተኝቶ ታካሚ» እና «ተመላላሽ ታካሚ» ሁለት ሁለት ቃል ሆነው ሳለ ሕዝቡ ተቀብሏቸዋል፤ ድርጊቱን ስለሚያሳዩ። በዚሁ መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ «ሆስፒታሊስት» ተብሎ የተሰየመውን፣ ሥራው ተኝተው የሚታከሙትን መከታተል የሆነውን ባለሙያ፣ «አስተኝቶ ማከም» ከሚለው የተለመደ አነጋገር ተነሥተን «የአስተኝቶ ሕክምና ሐኪም» ልንለው እንችላለን።

ሐኪሞች እርስ በርሳቸው ሬዚደንት ቢሉ አንቃወምም። ታካሚው ግን አካሉን ለማን እንደሚሰጥ በገዛ ቋንቋው ሊያውቅ ይገባዋል። ስያሜው ካልለየለት ፊርማው ፈቃድ ሊባል አይችልም።